የምግብ ቤት ሠራተኞች ስለ አጠራጣሪ ድርጊቶች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከአስተናጋጆች፣ ከገንዘብ ያዦች፣ ከወጥ ቤት ሠራተኞችና ከፈረቃ ኃላፊዎች በተደጋጋሚ የሚነሡ ሲሆኑ ከቀላሉ ተነሥተው ወደ አስቸጋሪው ይሄዳሉ።

«አጠራጣሪ ድርጊት» ሲባል ምን ማለት ነው?

ከቦታው፣ ከሰዓቱና ከሁኔታው ጋር የማይሄድና ቀላል ማብራሪያ የማይገኝለት አድራጎት ማለት ነው። «ድርጊት» የሚለውን ቃል አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል፤ የሚጠረጠረው ሰውየው ሲያደርግ የታየው ነገር እንጂ መልኩ፣ አነጋገሩ ወይም አለባበሱ አይደለም። ብቻውን ተቀምጦ ረጅም ሰዓት የሚቆይ ደንበኛ አያጠራጥርም። ያው ደንበኛ ያዘዘውን ሳይነካ የጓሮ በር መቼ እንደሚከፈትና ገንዘቡ በማን እጅ ወደ ባንክ እንደሚሄድ እየተከታተለ ማስታወሻ ሲይዝ ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል።

ወንጀል መፈጸሙን ማረጋገጥ ከሠራተኛው አይጠበቅም። ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይዞ ለሚመለከተው ካደረሰ ድርሻውን ተወጥቷል፤ ማጣራቱ የሌሎች ሥራ ነው።

ይህ የጥበቃ ሠራተኞች ሥራ አይደለም ወይ?

ጥበቃው የሚያየው በበሩ የሚገባውንና የሚወጣውን ሰው ነው። አስተናጋጅ በአንድ ፈረቃ እያንዳንዱን ጠረጴዛ ደጋግሞ ይጎበኛል፤ ዕቃ አጣቢው በጓሮ በር ማን እንደሚመላለስ ያውቃል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ የመጸዳጃ ቤቱ ኮርኒስ መነካካቱን ከማንም ቀድማ ታያለች። ዘወትር የሚሆነውን የማያውቅ ሰው ዛሬ የተለየውን ሊለይ ስለማይችል፣ በዚህ ጉዳይ የሠራተኛው ዓይን ከካሜራም ከዘበኛም ይበልጣል።

የኒውዮርክ የሕዝብ ትራንስፖርት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2001 ጥቃት በኋላ «አንድ ነገር ካዩ አንድ ነገር ይናገሩ» የሚል ዘመቻ የጀመረው ይህንኑ ተራ ዓይን ለመጠቀም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት መፈክሩን ወስዶ በመላ አገሪቱ አሠራጨው። መፈክሩ ቢታወቅም ምን ማየት እንዳለበትና ለማን መናገር እንዳለበት ለሠራተኛው አይነግረውም። እነዚህን ሁለቱን እያንዳንዱ ምግብ ቤት ራሱ ካልሞላቸው መፈክሩ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

በሥራ ላይ ሳለሁ በተለይ ምን ልብ ልበል?

በአዳራሹ ውስጥ፣ ስለ ምግቡ ምንም ሳይጠይቅ ስለ መዝጊያ ሰዓት፣ ስለ ካሜራዎቹ አቅጣጫ፣ ስለ ጥበቃ ፈረቃ ወይም ገንዘብ ስለሚቆጠርበት ክፍል ደጋግሞ የሚጠይቅ ሰው ትኩረት ይሻል። መውጫ በሮችን፣ የመብራት ማከፋፈያውን ወይም የካሜራዎቹን ቦታ ነጥሎ ፎቶ የሚያነሣም እንዲሁ ነው፤ ምግቡንና ራሱን ፎቶ የሚያነሣ ሰው ግን ዛሬ በየጠረጴዛው ስላለ ፎቶ ማንሣት ብቻውን ምልክት አይሆንም። ሌሎች ደንበኞች የሰቀሉትን ኮትና ወንበር ሥር ያኖሩትን ቦርሳ እየቃኘ ቦታ የሚቀያይርን፣ ወይም አንዱ ሣህን ደፍቶ ግርግር ሲፈጥር ሌላው ወደ አጎራባች ጠረጴዛ የሚጠጋበትን ሁኔታም ልብ ይበሉ። ይህኛው የቆየ የኪስ አውላቂዎች ስልት ነው።

በጓሮ በኩል ያልተጠራ ጠጋኝ፣ የማይታወቅ ዕቃ አቅራቢ ወይም ደብዳቤ ሳይዝ «ተቆጣጣሪ ነኝ» የሚል ሰው ሲመጣ፣ ወደ መጋዘንና ወደ ወጥ ቤት ከመግባቱ በፊት የፈረቃ ኃላፊው ማወቅ ይኖርበታል። የሥራ ልብስ መልበስና መሰላል መሸከም የመግቢያ ፈቃድ አይደለም።

ጥርጣሬን ለማጣራት ከሁሉ የሚቀለው መሣሪያ መስተንግዶ ነው። ቀርቦ ዓይን ለዓይን እየተያዩ «ምን ልታዘዝ?» ማለት እውነተኛውን ደንበኛ ያስደስተዋል፤ ክፉ ያሰበውን ደግሞ መታየቱን ያሳውቀዋል። ብዙውን ጊዜ ጥርጣሬው እዚያው ይጠራል፤ ሰውየው ጓደኛ እየጠበቀ ነበር፣ ወይም መጸዳጃ ቤቱ ጠፍቶበት ነበር።

ባለቤቱ ያልታወቀ ቦርሳ ወይም ዕቃ ባገኝ ምን ላድርግ?

አብዛኛው የተረሳ ዕቃ ነው፤ ስለዚህ ቀድሞ በአካባቢው የተቀመጡትን መጠየቅ ተገቢ ነው። በብሪታንያ ለሠራተኞች የሚሰጠው ሥልጠና የሚያስጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ዕቃው ሆን ተብሎ የተደበቀ ይመስላል ወይ? ሽቦ፣ ባትሪ፣ ፈሳሽ ወይም ሌላ በግልጽ የሚያሠጋ ነገር ይታይበታል ወይ? በዚህ ቦታ ዘወትር ከሚረሱት ዕቃዎች የተለየ ነው ወይ? ወንበር ላይ የቀረ የተከፈተ የእጅ ቦርሳና ከመጸዳጃ ቤት ማጠራቀሚያ ጀርባ የተሸጎጠ ጥቅል እኩል አይታዩም።

መልሶቹ ካሠጉ ዕቃውን አይንኩ፣ አያንቀሳቅሱ፣ አይሸፍኑ። በዚያው አገር መመሪያ መሠረት የእጅ ስልክና የመገናኛ ሬዲዮ ከዕቃው በ15 ሜትር ክልል ውስጥ አገልግሎት ላይ አይውሉም፤ የጀርባ ቦርሳ ለሚያህል ዕቃም ሰዎች ቢያንስ 100 ሜትር እንዲርቁ ይደረጋል። ሰዎችን ስታስወጡ «ቦምብ» ብሎ መጮህ ከዕቃው የባሰ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል፣ ረጋ ባለ ድምፅ «እባክዎ በዚህ በር ይውጡ» ማለት ይበቃል። ዕቃውን መጀመሪያ ያየው ሠራተኛ ፖሊስ እስኪያነጋግረው ድረስ ከአካባቢው እንዳይሄድ ያድርጉ።

ክፍያ ላይ የሚያጋጥሙ ማጭበርበሮችን እንዴት አውቃለሁ?

የሐሰተኛ ኖት መለያ እንደየገንዘቡ ቢለያይም መሠረቱ አንድ ነው፤ በእጅ መዳሰስ፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት፣ አዘንብሎ የሚለዋወጠውን ቀለም መመልከት። ብዙዎች የሚመኩበት መመርመሪያ እስክሪብቶ አዮዲን የያዘ ሲሆን፣ በተራ ወረቀት ውስጥ ያለ ስታርች ሲያገኝ ይጠቁራል። ይሁን እንጂ አጭበርባሪ አነስተኛ ዋጋ ያለውን እውነተኛ ኖት አጥቦ ከፍ ያለ ዋጋ ካተመበት ወረቀቱ እውነተኛ ስለሆነ እስክሪብቶው አያጋልጠውም። ስለዚህ እስክሪብቶው ለዓይንና ለእጅ ረዳት ቢሆን እንጂ ምትክ አይሆንም።

በትልቅ ኖት ትንሽ ሂሳብ ከፍሎ፣ መልሱ ሲቆጠርለት «ቆይ፣ ዝርዝር አለኝ፣ ያንን መልስልኝ» እያለ ደጋግሞ የሚያቀያይር ሰው ገንዘብ ያዡን የሚያሸንፈው በጥድፊያ ነው። መድኃኒቱም መቆም ነው። መሳቢያውን ዘግቶ፣ የመጀመሪያውን ሂሳብ ጨርሶ፣ ቀጣዩን እንደ አዲስ መጀመር።

በካርድ በኩል ደግሞ ከመክፈያ ማሽኑ ጋር የማይገጥም፣ የሚነቃነቅ ወይም ቀለሙ የተለየ ተለጣፊ ክፍል ካዩ ማሽኑን ሥራ አስቁመው ያሳውቁ። የካርዱ መግነጢሳዊ ጥቁር መስመር የያዘው መረጃ የማይለዋወጥ ስለሆነ አንድ ጊዜ ከተቀዳ ሊባዛ ይችላል፤ ቺፑ ግን ለእያንዳንዱ ክፍያ አዲስ ኮድ ስለሚፈጥር ለመቅዳት ያስቸግራል። ቺፕ ያለውን ካርድ ያለ ምክንያት ጥቁር መስመሩን እንድታስነብቡ የሚወተውት ደንበኛ የሚያጠራጥረውም በዚህ ነው። በየጠረጴዛው የሚለጠፈው የኪውአር ኮድም ከላዩ ሌላ ተለጥፎበት ገንዘቡ ወደ ሌላ ሰው እንዲሄድ ሊደረግ ይችላልና፣ ጠረጴዛ ሲጠረግ ኮዱንም በጣት ዳሰስ ማድረግ ልማድ ቢሆን ይበጃል።

አንድ ሰው ደውሎ «ከዋናው መሥሪያ ቤት ነኝ» ወይም «ፖሊስ ነኝ» ቢለኝስ?

ማዘዝ ሲጀምር ስልኩን በትሕትና ዘግተው ራስዎ በሚያውቁት ቁጥር መልሰው ይደውሉ፤ ደዋዩ የሚሰጥዎትን ቁጥር አይጠቀሙ። እውነተኛ ኃላፊ በዚህ አይቀየምም። ካዝና ከፍተው ገንዘብ እንዲያወጡ፣ የስጦታ ካርድ ገዝተው ቁጥሩን እንዲያነቡለት፣ የይለፍ ቃል እንዲነግሩት ወይም ነገሩን ከባልደረቦችዎ እንዲደብቁ የሚያዝዝ ደዋይ አጭበርባሪ መሆኑን ጥያቄው ራሱ ይናገራል።

ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት በአንድ ፈጣን ምግብ ቤት ፖሊስ ነኝ ያለ ደዋይ ምክትል ሥራ አስኪያጇን አሳምኖ አንዲት የ18 ዓመት ሠራተኛ በስርቆት ስም ልብሷን አውልቃ እንድትፈተሽ አድርጓል፤ ግፉም ለሰዓታት ቀጥሏል። ተመሳሳይ ጥሪዎች በበርካታ ግዛቶች ወደሚገኙ ምግብ ቤቶች ሲደረጉ መቆየታቸው በኋላ ታውቋል። ፖሊስ በስልክ ሠራተኛን ወኪሉ አድርጎ ሰው አያስፈትሽም።

የደንበኛ መጠጥ ላይ የሆነ ነገር ተጨምሮበታል ብዬ ብጠረጥርስ?

ከጠጣችው መጠን በላይ በድንገት የደነዘዘች፣ አንደበቷ የተሳሰረ፣ መቆም ያቃታት ደንበኛ፣ አጠገቧም «ሰክራለች፣ እኔ እወስዳታለሁ» እያለ የሚያጣድፍ ሰው፤ ይህ ፋታ የማይሰጥ ሁኔታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጨመረው ሳይታወቅ የተቀላቀለ ተጨማሪ አልኮል ራሱ መሆኑንም አይርሱ። ወንዶችም የዚህ ሰለባ ይሆናሉ።

ብቻዋን አይተዉአት፤ ከማታውቀው ሰው ጋርም እንድትሄድ አይፍቀዱ። አተነፋፈሷን እየተከታተሉ የሕክምና ርዳታ ይጥሩ፣ ብርጭቆውንም ሳይታጠብ ለይተው ያስቀምጡ። ፍጥነቱ የሚያስፈልገው ለሕይወቷ ብቻ አይደለም፤ ጂኤችቢ የሚባለው ማደንዘዣ ለምሳሌ ከ12 ሰዓታት ገደማ በኋላ በሽንት ምርመራ እንኳ ለማግኘት ያዳግታል። እንዲህ ያለ ሥጋት ያደረባት ደንበኛ ሳትሣቀቅ ርዳታ እንድትጠይቅ እ.ኤ.አ. በ2016 በእንግሊዝ ሊንከንሺር የተጀመረው አሠራር ወደ ባንኮኒው ሄዳ «አንጄላን ፈልጌ ነበር» እንድትል የሚያደርግ ነው። ምልክት ቃል የሚሠራው ግን የዚያን ዕለት ፈረቃ የገባ ሠራተኛ ሁሉ ትርጉሙን ካወቀው ብቻ ነው፤ ለደንበኞች ተለጥፎ ሠራተኛው የማያውቀው ቃል ከሌለ ይሻላል።

ጥቆማውን ለማን ላቅርብ? ምንስ ልጻፍ?

በሰው ሕይወት ላይ አሁኑኑ የሚደርስ አደጋ ካለ፣ የጦር መሣሪያ ከታየ ወይም ጥቃት ከተጀመረ በቀጥታ ለአገሩ የአደጋ ጊዜ ስልክ ይደወላል፤ የኃላፊን ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልግም። ከዚህ ውጭ ያለው ለፈረቃ ኃላፊው ይነገራል፤ እርሱ ከሌለ ቀጥሎ ለማን እንደሚነገር አስቀድሞ ተጽፎ ሠራተኛ በሚያየው ቦታ መለጠፍ አለበት።

ሲጽፉ ምን እንደታየ፣ የት፣ መቼ፣ በማን እንደተደረገና ወደ የት እንደተሄደ ይግለጹ። «ሁኔታው ደስ አላለኝም» የሚል ጥቆማ ማንንም አያራምድም፤ «ለ20 ደቂቃ ያህል በገንዘብ መቁጠሪያው ክፍል በር ፊት ቆሞ ነበር፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ወደ ውስጥ ያይ ነበር» የሚለው ግን ለመርማሪ መነሻ ይሆናል። ሰውን ሲገልጹ ግምታዊ ዕድሜውን፣ ከበሩ አንጻር ቁመቱን፣ ልብሱንና በተለይም ጫማውን ይመዝግቡ፤ ጃኬት ወዲያው ይወልቃል፣ ጫማ ግን ብዙ ጊዜ አይቀየርም። የካሜራ ቅጂ ከተወሰኑ ቀናት በኋላ በአዲስ ቅጂ ስለሚተካ ትክክለኛው ሰዓት ወሳኝ ነው፤ የካሜራው ሰዓት ከግድግዳው ሰዓት ጋር ካልተስማማም ልዩነቱን አብረው ይጻፉ።

ከባልደረቦችዎ ጋር ከመወያየትዎ በፊት ለብቻዎ ይጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1974 ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር ባደረጉት ጥናት አንድ ዓይነት የመኪና ግጭት ፊልም ያዩ ሰዎች፣ በጥያቄው ውስጥ ግጭቱን የሚገልጸው ግሥ ጠንከር ሲል መኪኖቹ የበለጠ ይፈጥኑ እንደነበር ገምተዋል። አንድ ቃል ይህን ያህል ትዝታን ካጣመመ፣ በልብስ መቀየሪያ ክፍል የሚደረግ የግማሽ ሰዓት ወሬ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም።

ተጠርጣሪውን ላስቆመው፣ ልፈትሸው ወይም ፎቶ ላነሣው እችላለሁ?

አያስቁሙ፣ አይፈትሹ፣ ተከትለውም አይውጡ። ሳይከፍል የሮጠ ደንበኛን መንገድ ድረስ ማሳደድ ለአንድ ሂሳብ ሲባል ሕይወትን ማስያዝ ነው፤ ያልተከፈለውን ከሠራተኛው ደመወዝ የሚቆርጥ አሠሪም ሠራተኛውን ወደዚያ አደጋ እየገፋው መሆኑን ሊያውቅ ይገባል። ሰውን አግቶ ማቆየት በብዙ አገሮች ሠራተኛውን ራሱን በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል። በግል ስልክ የተነሣ ፎቶ ጠብ ያስነሣል፤ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ከተለጠፈ ደግሞ ንጹሕ ሰውን ሊያጠፋና ምርመራን ሊያበላሽ ይችላል።

ሰውን በመልኩ ወይም በማንነቱ ፈርጄ እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ?

አንድ ጥያቄ ራስዎን ይጠይቁ፦ ይህንኑ ድርጊት የማውቀውና የማከብረው ቋሚ ደንበኛ ቢያደርገው እጠቁም ነበር ወይ? መልሱ «አልጠቁምም» ከሆነ የተጠረጠረው ድርጊቱ ሳይሆን ሰውየው ነው። ሁለተኛው መፈተኛ ጽሑፉ ነው፤ ዘርን፣ ሃይማኖትንና አለባበስን አውጥተው ሲያነቡት የሚቀር ነገር ከሌለ ከመጀመሪያውም ጥቆማ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ ምንም ሳያዙ ሰው ይጠብቁ የነበሩ ሁለት ጥቁር ወጣቶች የቡና ቤቱ ሠራተኛ ፖሊስ በመጥራቷ በካቴና ታስረው ተወሰዱ። ድርጅቱ በቀጣዩ ወር ከ8,000 በላይ ሱቆቹን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ዘግቶ ለሠራተኞቹ ሥልጠና ሰጠ። ሰው ቀጥሮ መቀመጥ ምግብ ቤት ውስጥ በየሰዓቱ የሚታይ ነገር ነው፤ ያን ቀን አጠራጣሪ ያደረገው የተቀመጡት ሰዎች ማንነት ነበር።

ተገዶ የሚሠራ ወይም የሚነገድበት ሰው ያየሁ ቢመስለኝስ?

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ያጸደቀው የፓሌርሞ ፕሮቶኮል በሰዎች መነገድን በሦስት ነገሮች ይለየዋል፦ ሰውን መመልመል፣ ማጓጓዝ ወይም መቀበል፤ ለዚህም ኃይል፣ ማታለል ወይም የሰውን መቸገር መጠቀም፤ ዓላማውም ብዝበዛ መሆኑ። ሰለባው ሕፃን ከሆነ ሁለተኛው መረጋገጥ አያስፈልገውም። በጠረጴዛ ዙሪያ የሚታየው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነገር ነው፤ ለራሷ እንዳታዝዝ የተከለከለች፣ ጥያቄ ሲቀርብላት ሌላ ሰው የሚመልስላት፣ መጸዳጃ ቤት ድረስ የምትታጀብ ልጅ። አንዱ ምልክት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ሲደራረቡ ግን ይናገራሉ።

ለምግብ ቤት ሠራተኛ የሚከብደው ምልክቱን በራሱ ወጥ ቤት ሲያየው ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት ከዘረዘራቸው የግዳጅ ሥራ ምልክቶች መካከል የመታወቂያ ሰነድን መያዝ፣ ደመወዝ መከልከል፣ በዕዳ ማሰር፣ ከሰው ማግለልና ከመጠን ያለፈ የትርፍ ሰዓት ሥራ ይገኙባቸዋል። ፓስፖርቱ በአሠሪው መሳቢያ የተቆለፈበት ዕቃ አጣቢ ይህን እንደ ወንጀል ላያየው ይችላል። ተበዝባዡን በአሠሪው ፊት አይጠይቁት፤ ራስዎም ሊያስመልጡት አይሞክሩ፣ ቅጣቱ በእርሱ ላይ ይወርዳልና። ለፖሊስ ወይም ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በምስጢር ያሳውቁ።

የምጠረጥረው ባልደረባዬን ወይም አለቃዬን ከሆነስ?

ደንበኛው ጥሬ ገንዘብ ከፍሎ ከወጣ በኋላ ሂሳቡን ከማሽኑ መሰረዝ፣ ለወዳጅ ያልተመዘገበ ምግብ ማውጣት፣ የዕቃ መረከቢያ ሰነድ ላይ ያልገባ ዕቃ መፈረም፣ የደንበኛን ካርድ ከዓይን ሰውሮ በሌላ መሣሪያ ማስነበብ፤ እነዚህ የውስጥ ማጭበርበር የታወቁ መልኮች ናቸው። ሆኖም ሂሳብ መሰረዝ በየቀኑ በቅን ምክንያት የሚደረግ ሥራም ስለሆነ ቀኑን፣ የሂሳቡን ቁጥርና ያዩትን ብቻ ያስረዱ፤ «ሌባ ነው» የሚለውን ቃል ለራስዎም ቢሆን አይጻፉት።

የሚጠረጠረው አለቃው ከሆነ ጥቆማው በእርሱ በኩል ሊያልፍ አይችልምና ወደ ባለቤቱ፣ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ወይም ወደ ውጭ ተቆጣጣሪ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት 158ኛ ስምምነት ሕግ ጥሷል ብሎ በአሠሪው ላይ አቤቱታ ማቅረብ ለስንብት በቂ ምክንያት እንደማይሆን ይደነግጋል፤ ጥበቃው በተግባር የሚሠራው ግን ስምምነቱን በተቀበሉና በሕጋቸው ባካተቱ አገሮች ስለሆነ፣ ከመጠቆምዎ በፊት የአገርዎን ሕግ ማወቅና የጻፉትን ቅጂ ቤትዎ ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

ጠቁሜ ስህተት ሆኖ ቢገኝ ምን ይደርስብኛል?

በቅን ልቦና ያዩትን ብቻ ከተናገሩ የተሳሳተው ግምቱ እንጂ እርስዎ አይደሉም። ተጠያቂነት የሚመጣው እያወቁ የሐሰት ጥቆማ ሲሰጡ፣ ወይም ጥርጣሬዎን ለማይመለከተው ሰው ሲያወሩ ነው። ስምዎ እንዳይገለጽ መጠየቅ ይችላሉ፤ ነገር ግን በአነስተኛ ምግብ ቤት ውስጥ በዚያ ሰዓት ማን ሥራ ላይ እንደነበረ ሁሉም ስለሚያውቅ ምስጢሩ ፍጹም እንደማይሆን ኃላፊው በግልጽ ሊነግርዎት ይገባል።

እኔ ኃላፊ ነኝ፤ ሠራተኞቼ እያዩ ለምን አይናገሩም?

አንድ ጊዜ ተናግረው የሆነውን ስለሚያስታውሱ ሊሆን ይችላል። የተሣቀበት፣ «ሥራህን ሥራ» የተባለ ወይም ጥቆማው የት እንደገባ ያልተነገረው ሠራተኛ ሁለተኛ አይመለስም። አዲስ ገቢዎች፣ የትርፍ ጊዜ ሠራተኞችና የቤቱን የሥራ ቋንቋ በደንብ የማይናገሩት ደግሞ መጀመሪያውኑ ሥልጠናው ላይ አልነበሩም፤ ጓሮው በር ላይ ብዙ ሰዓት የሚያሳልፉት ግን እነርሱ ናቸው።

የዓመት አንድ ቀን ሥልጠና ከሚሰጥ ይልቅ ፈረቃ ሲጀመር በሚደረገው አጭር ስብሰባ ላይ በሳምንት አንድ ምሳሌ ማንሣት ይሻላል፦ «ትናንት መክፈያ ማሽኑ ላይ ይህ ተገኘ፤ ያየችው እገሊት ናት» ብሎ፣ ጠቋሚዋ እንዲነገርላት ከፈቀደች። የጥቆማ መዝገቡም ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና የታየው ነገር ከሚሞላባቸው ረድፎች በተጨማሪ «ምን ተደረገ» የሚል ረድፍ ይኑረው፤ ያንን ረድፍ የሚሞላው ኃላፊው ነው፣ ባዶ ሆኖ ከቀረም የሚጠየቀው እርሱ ነው።